አሥራ ሁለተኛው ተራራ

ጥቅምት 3

ጠዋት ጣራው ላይ ወጣሁ። ደረጃው… ሁለት ጊዜ አረፍኩ። አየሩ ጠርቷል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሄዷል፤ ተራራው ከሸለቆው ማዶ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጊዜ በዓመት ከሁለት ወር አይበልጥም። ከዚያ ጭጋጉ ይመጣል፤ ተራራው እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠፋል።

የዘንድሮው ፎቶ ከዚሁ ከጣራው ነው የሚነሳው። ወሰንኩ። ጉልበቴ ወሰነ ብል ይሻላል።

ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ተራራ ተሰቅሏል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዓመት አንድ። የመጀመሪያውን ያነሳሁት ከተራራው ትከሻ በታች ካለው መስክ ቆሜ ነው፤ ትከሻው ላይ መጀመሪያ በመምህርነት የተመደብኩበት ትምህርት ቤት አለ፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ሁለተኛውን ትንሽ ወረድ ብዬ። ሦስተኛውን ከዚያም ወረድ ብዬ። ያምናውን ከድልድዩ። በየዓመቱ ወደ ኋላ… በሁሉም ላይ ግን ተራራው እኩል ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንዝር። እኔ ስርቅ ሌንሱ ይረዝማል። ያየ ሰው አንድ ቦታ ተተክዬ የኖርኩ ይመስለዋል።

ድልድዩ ከተራራው አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣራችን ሁለት። ያምናው ሌንስ ርዝመት ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ሌንሱም እጥፍ። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ።

ችግሩ ካሜራዬ ነው። የእንጨት ነው። ፊልሙ ጥቅል አይደለም፤ የመዳፍ ስፋት ያለው አንድ ቅጠል። ከፊት ሌንሱ፣ ከኋላ ምስሉ ተገልብጦ የሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወት፣ መሀል እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቆዳ። ቆዳው ሠላሳ አምስት ሳንቲም ላይ ያበቃል። ተራ አርባ ስምንት ሳንቲም ሌንስ ደግሞ አርባ ስምንት ሳንቲም ቆዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ቴሌ ነው የሚያስፈልገኝ። ቴሌ ከርዝመቱ ባነሰ ቦታ ምስሉን ይጥላል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አስረዳኋት። ድንች እየላጠች ሰማችኝ።

«በስልክ አንሳውና ገላግለን።»

ጥቅምት 6

ዝምተኛው ጋ ሄድኩ። አሮጌ ካሜራ ይጠግናል፣ ይሸጣል። ዝምተኛው የሚሉት አፉ ስለማያርፍ ነው። ሱቁ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አራት ደንበኛ ከገባ አምስተኛው ውጭ ይቆማል።

«ጋሼ! ተራራው ዘንድሮም አለ?»

«እሱ አለ። የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሲያትሙት አስፍተው ዳር ዳሩን ይቁረጡት። ሌንስ ምን ያደርጋል፣ መቀስ እያለ?»

ቆርጬ አላውቅም፤ አልቆርጥምም። እሱም ያውቃል፤ ሊያናድደኝ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ ሣጥን ማውጣት ጀመረ። ሦስት ቴሌ አለው። ሠላሳ ስድስት፣ አርባ፣ ሃምሳ። ሃምሳው መዝጊያው ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። የምፈልገው እሱን ነበር…

«እስኪገጠም አንድ በአንድ ይሞክሯቸው። ሦስቱን አንዴ ከወሰዱብኝ እኔ ምን ልሽጥ? ምላሴን?»

ሠላሳ ስድስቱን ተሸክሜ መጣሁ። ድንጋይ ነው። አፉ ግን ሰፊ ነው፤ ብርሃን እንደ ልብ ያስገባል።

ጥቅምት 8

ሙከራ። ጣራ ላይ፣ ጠዋት፣ ነፋስ የለም። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ፣ ማጉያዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣ እንደ ሁልጊዜው በቀኝ ዓይኔ።

ትምህርት ቤቱ አጠገብ የመብራት ኃይል ምሰሶ ተተክሏል። ሲተክሉት ተናድጄ ነበር። ዛሬ ጠቀመኝ። ቀጥ ያለ ነገር ስለሆነ የሌንሱን ጠባይ ያሳብቃል።

አሳበቀ። ወገቡ ላይ ጎብጧል። ከባድ ነገር አንስቶ ቀና ማለት እንዳቃተው ሰው። አጥርቼ ለማየትም አስቸገረኝ። ቆዳውን ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ ሳብኩ… ጠርቷል ስል መሀሉ ይሟሟል። ሁለት ቅጠል ፊልም አነሳሁ።

ሠላሳ ስድስት፦ መስመር ያጎብጣል። ጥራቱ ደካማ። ወደቀ።

ጥቅምት 9

ጋዜጣውም ባሰበት። ከየቃሉ መሀል አንድ ፊደል ይደበዝዛል። ቀለም እየቆጠቡ ይሆን? ለአዘጋጁ ልጽፍለት ይገባል።

ጥቅምት 12

ፊልሞቹን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አጠብኩ። ባለቤቴ በሩን እያንኳኳች፦ «ይህ ቤት ቢያንስ ማክሰኞ ማክሰኞ የሰው ይሁን!»

ሲደርቁ መስኮቱ ላይ አስደግፌ በማጉያ አየሁ። ያው ነው፤ ብዥ ያለ፣ ወገቡ የጎበጠ። ለእሷም ሰጠኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየች።

«ብዥ ብሏል። ምሰሶው ግን ቀጥ ያለ ነው።»

«ጎብጧል።»

«አልጎበጠም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ብርሃን ያስተማርኩ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ምሰሶውን አስተምረውና ቀጥ ይበል።»

ተውኩት። እሷ ዕድሜዋን ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ የኖረች ናት፤ ስለ ሌንስ ከእሷ ጋር ምን ያከራክራል?

ጥቅምት 14

መለስኩት። አርባውን ወሰድኩ። ዝምተኛው ሠላሳ ስድስቱን ብርሃን ላይ አዙሮ አዙሮ አየው።

«ይህ ሌንስ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ።»

«ጎብጧል አልኩህ።»

«እሺ። ጎብጧል ካሉ ጎብጧል።»

ጥቅምት 17

አርባውም ጎበጠ።

ጥቅምት 20

ዛሬ ያደረግኩት ደግ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። አርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «የወደቀ ዕቃ እያነሳህ አትሽጥ» አልኩት። ድምፄ ተማሪ ስቆጣ እንደሚሆነው ሆነ። አንደኛው ደንበኛ ይዞት የነበረውን ካሜራ ቀስ አድርጎ መደርደሪያው ላይ መለሰና ወጣ።

«ጋሼ፣ ሁለት የተለያዩ ሌንሶች አንድ ዓይነት በሽታ አይዛቸውም። ፋብሪካቸው እንኳን አንድ አይደለም።»

«ሁለቱም እጅህ ላይ ነበሩ። እጅህ ይሆናላ።»

ፊቱ ጠቆረ። ሃምሳውን ከጠረጴዛው አንስቶ ሰጠኝ። «ይኸው ተገጥሟል። ይህም ከጎበጠ ሱቁን ዘግቼ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ሽንኩርት ሲሆን ቀጥ በልልኝ የሚል የለም።»

እስከ በሩ አልሸኘኝም። ሁልጊዜ ይሸኘኝ ነበር።

ጥቅምት 23

ሃምሳው። ልኩ እሱ ነው። ቆዳው ሊያልቅ እስኪል ተሳበ፤ ሠላሳ አራት ሳንቲም ላይ ምስሉ መጣ። ተራራው መስታወቱን ሞላው… ልክ እንደ ያምናው። ደስ አለኝ። ደስታዬ አምስት ደቂቃም አልቆየም። መስታወቱ ጨለማ ነው፤ ምሰሶው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ጎብጧል። ትምህርት ቤቱን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ከጎኑ ሳይ አለ፤ እሱኑ ሳይ የለም።

ሦስት ሌንስ። አንድ ጥፋት።

ልጆቹን ምን ነበር የማስተምራቸው? አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁሉም ተለውጦ ጥፋቱ ካልተለወጠ ያልለወጣችሁትን ፈልጉ።

ነገ።

ጥቅምት 24

መስታወቱን ፈትቼ አዙሬ ገጠምኩ። ጎበጠ።

በሌላ ማጉያ አየሁ። ጎበጠ።

አሮጌውን ሃያ አራት መለስኩ፤ አምና ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ ያነሳውን። ጎበጠ።

ከዚያ ካሜራውን ቀስ እያልኩ አዞርኩና ምሰሶውን ከመስታወቱ መሀል ወደ ዳር ወሰድኩት። ሌንስ መስመር የሚያጎብጥ ከሆነ ዳር ላይ ነው የሚብሰው፤ መሀል ላይ ይቀንሳል። ይህ ግን ቦታ አይመርጥም። ባየሁበት ሁሉ አለ። ዓይኔ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ጨርቁ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ከውጭ ላየኝ ተራራ የማይ ነው የምመስለው።

ወርጄ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። መሀሉ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ቀኙን ሸፍኜ በግራ አየሁ… ቀጥ ያሉ መስመሮች። ግራውን ሸፍኜ በቀኝ አየሁ።

መስመሮቹ መሀል ላይ ተጨማደዋል። ነጥቡ የለም።

ሌንሶቹ ሦስቱም ደህና ናቸው።

ጥቅምት 25

ለማንም አልተናገርኩም። ወረቀቱን አነሳሁት። ጋዜጣውን በግራ ዓይኔ አነበብኩ። ፊደሉ ሁሉ አለ። ለአዘጋጁ አልጻፍኩለትም፤ ደግነቱ።

ጥቅምት 27

ባለቤቴ ራሷ ደረሰችበት እንጂ እኔ አልነገርኳትም።

«ግድግዳው ላይ የማጣበቂያ ምልክት አለ። ልክ በዓይንህ ትክክል። ምን ነበር?»

«ወረቀት።»

«ምን ያለው?»

አሳየኋት። ራሷ ግራዋን ሸፍና አየች፣ ቀኟን ሸፍና አየች። «እኔ ቀጥ ያለ ነው የማየው» አለች። ከዚያ ገባት። ወረቀቱን አጠፈችና ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግመኛ እንዳላየው ይመስል። ከዚያ ተነስታ ስልክ ደወለች። ስልክ ላይ ድምፅዋ ድሮ ሥራ ላይ የነበረው ነው፦ «የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ፈልጌ ነበር… አይ፣ የሚቀጥለው ወር አይሆንም። ይጠብቃሉ? እኔም እጠብቃለሁ።» ጠበቀች። ቀጠሮው ለሦስተኛው ቀን ሆነ።

ጥቅምት 30

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። አላስተማርኳትም። በዚህ ከተማ ያላስተማርኩት ሰው ማግኘት ዕረፍት ነው፤ ማንም «መምህር» እያለ አያዝንልኝም።

ጠብታ አደረገችልኝ፣ አገጬን ብረቱ ላይ አሳረፈችኝ፣ በመብራት ውስጤን አየች። ሌላ ሰው በእኔ ሌንስ ሲያይ… እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው?

ከዓይን ጀርባ፣ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ውሃ ቋጥሯል። ቦታው ስላበጠ መስመሩ ይጎብጣል። የፊልሙ ቅጠል ረጥቦ ተጣሟል ማለት ነው፤ ሌንሱ ምን አደረገ? ሐኪሟ እንዲህ አላለችም። እኔ ነኝ ለራሴ ያስረዳሁት።

«መርፌ እንጀምራለን። የሄደውን ላይመልስ ይችላል። የቀረውን ለማቆየት ነው።»

«ግራውስ?»

ተመልሳ አየች። ብዕሯን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ተማሪ መልሱን ሲያውቅና መናገር ሲፈራ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«ምልክት አለ። ገና ነው፤ ግን ጀምሯል።»

«እስከ መቼ ያይልኛል?»

«እሱን ማንም አይነግርዎትም።»

ወጥተን ስንሄድ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። መንገዱ ላይ ጉድጓድ አልነበረም።

ኅዳር 2

መርፌው። ዓይን ውስጥ። ስለሱ አልጽፍም።

ኅዳር 6

ዝምተኛው ጋ ሄድኩ። ሃምሳውን ይዤ ነው የሄድኩት። ሦስት ሰዎች ነበሩ። እስኪወጡ ልጠብቅ አሰብኩ… ተውኩት። ያዋረድኩትም በሰው ፊት ነው።

«ሌንሶችህ ሁሉ ደህና ናቸው። የጎበጠው ዓይኔ ነው። ሐኪም አይቶታል። ያልኩህን ሁሉ እርሳልኝ።»

ሰዎቹ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። ዝምተኛው የያዘውን የብሎን መፍቻ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እኔ ደግሞ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቄ ነበር።»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ሦስቱንም ሣጥኖች ሰበሰበና ፌስታል ውስጥ ከተታቸው።

«ሦስቱንም አንዴ? አልሰጥም አላልክም?»

«ይሂዱ፣ ጋሼ። ጭጋጉ ሳይመጣ።»

እስከ በሩ ሸኘኝ። እስከ መንገዱም።

ኅዳር 9

ያደረግኩት ሙከራ ሁሉ ዋጋ የለውም። መለኪያው የተበላሸ ልኬት አይያዝም። ሁሉም እንደገና፤ በሌላ ዓይን።

ባለቤቴን ጣራው ላይ አወጣኋት። ጥቁሩን ጨርቅ አለበስኳት። ከውስጥ ድምፅዋ፦

«ኧረ ተራራው ተዘቅዝቋል!»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተዘቅዝቆ ነው የምታየው? አሁን ገባኝ አንዳንድ ነገርህ።»

መጀመሪያ ሃምሳውን። ቆዳውን እኔ እስባለሁ፣ እሷ ትነግረኛለች። ምንም አይታያትም። «ጉድጓድ ውስጥ ነው የማየው» አለች። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅን። ነፋስ መጣ፤ ተስቦ ያለቀው ቆዳ እንደ ሸራ ተንቀጠቀጠ። ልትጨርስ ስትል እንደገና ጠፋባት። አንገቷ አመማት። ወጥታ ተቀመጠች።

አርባው ሻል አለ። በመጨረሻ ሠላሳ ስድስቱ። ገና ቆዳውን መግፋት ስጀምር፦

«ውይ!»

«ምን ሆነ?»

«መጣ። ብርሃን ነው። ይጠብቁ…» ሥራ ላይ ያለች መሰላት መሰለኝ። «ይጠብቁ፣ መስመር ላይ ይቆዩ… ትንሽ ወደ ኋላ… አለፈ፣ ተመለስ… ተገናኝቷል! ይነጋገሩ!»

«ምሰሶው?»

«ቀጥ ያለ ነው።»

ይህን ስሰማ… አላውቅም። ጣራው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ ቀለም አለ» አለች። «ነቁጥ ነቁጥ። አንዱ ቀይ ነው።»

«ዝገት ይሆናል። ከተዘጋ ስንት ዓመቱ።»

«ዝገት በነፋስ አይወዛወዝም።»

ጨርቁ ውስጥ ገብቼ አብሬያት አየሁ፤ በግራ ዓይኔ፣ ጉንጯ ጉንጬን እየነካ። ተራራውን አየሁት። ትከሻውን አየሁት። ነቁጦቹን አላየሁም።

ኅዳር 10

መምረጥ አለብኝ። ነገሩ አንድ ብቻ ነው አሁን።

ሃምሳውን ከወሰድኩ ተራራው እንደ አሥራ አንዱ ሁሉ አንድ ስንዝር ይሆናል። ግን መስታወቱ ጨለማ ነው። እኔ አላይበትም፤ እሷም በመከራ። አነጣጥሬ የማላየውን ነገር ማንሳት ምን ይባላል? ሠላሳ ስድስቱን ከወሰድኩ ተራራው ሩብ ያህል ያንሳል። ረድፉ ይሰበራል። አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ረድፍ።

ለእሷ ነገርኳት።

«ታዲያ ራቅህ አይደል? ይታይ።»

ክፉ አልነበረም አነጋገሯ። ሳህን እያጠበች ነበር።

ኅዳር 13

ሠላሳ ስድስቱ። ዝምተኛው ጋ ሁለቱን መለስኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ይህን ያህል ዝም ሲል አሳዘነኝ።

ኅዳር 16

አነሳን። አየሩ መድከም ጀምሯል፤ ከተራራው ግርጌ ነጭ ነገር ተኝቷል። ሁለት ሦስት ቀን ብንዘገይ አይኖርም ነበር። እሷ አጠራች፣ እኔ መዝጊያውን ተጫንኩ። አንድ ቅጠል። ሁለተኛ አላነሳሁም። እሷ «ተገናኝቷል» ካለች ተገናኝቷል።

ኅዳር 19

ሁለተኛው መርፌ። ቀኙ ላይ ነጥቡ አልተመለሰም። ግራው ላይ፣ ግድግዳው ላይ መልሼ ከለጠፍኩት ወረቀት፣ አንድ መስመር ትናንት ትንሽ… ወይስ መስሎኝ ነው? ነገ እንደገና አያለሁ። በየቀኑ አያለሁ።

ጭጋጉ መጣ። ከጣራው ማዶ ምንም የለም።

ኅዳር 24

ከዛሬ ጀምሮ አንድ መስመር እየዘለልኩ፣ ፊደሉን እያተለቅኩ ነው የምጽፈው። ደብተሩ ቶሎ ያልቃል። ይለቅ።

ፎቶውን ሰቀልነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ፤ ሌላ ቦታ የለም። ከአሥራ አንዱ ጎን ሲታይ ተራራው አንሷል። ስንዝሬን ዘረጋሁበት፣ አልሞላም። ከዳር ቆሞ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሥራ አንድ ጊዜ እዚያው ነኝ አልኩ፤ አሁን አይደለሁም።

ቀኙን ጨፍኜ በግራ ብዙ ቆሜ አየሁት። ምሰሶው ቀጥ ብሏል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ ለእኔ ግራጫ ነገር ነው።

ባለቤቴ ማጉያውን ይዛ ፎቶው ላይ ተጠጋች።

«ልብስ ነው» አለች። «ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሰው ይኖርበታል።»

«ስንት ነው?»

«ሦስት… ቆይ። አራት። አራተኛው አጭር ነው። የልጅ ነው።»

ማጉያውን ዘረጋችልኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የማንንም መልስ ራሴ ሳልሠራው ትክክል ብዬ አላውቅም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

ማጉያውን አልተቀበልኳትም።

አራት። አንዱ የልጅ።